ወራጅ አለ

ኤም 113 የተባለውን የወታደር ማመላለሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ታንክ ነው ይላል። አይፈረድበትም። እንደ ታንክ በሰንሰለት ይሄዳል፤ ጣሪያው ላይ መትረየስ ተተክሎበታል፤ አስፋልት ላይ ሲያልፍ የመንገድ ዳር ቤቶች መስኮት ይርገበገባል። በወታደራዊ ሲሙሌሽን ጨዋታዎች ውስጥም ጀማሪው የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ጓዶቹን ይጭናል፣ አፍንጫውን ወደ ጠላት መንደር ያዞራል፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ይረግጣል። ከመንደሩ ዳር፣ ከአንድ የድንጋይ አጥር ጀርባ፣ አንድ ሰው ብድግ ብሎ አር.ፒ.ጂ. የተባለውን ፀረ ታንክ ሮኬት ይተኩሳል። ስክሪኑ ይጨልማል። አሥራ ሦስት ሰው በአንድ ምት አለቀ።

ተጫዋቹ ይናደዳል። ይህ ምኑ ብረት ለበስ ነው፣ ቆርቆሮ ነው እንጂ ይላል። ጨዋታው ግን አልዋሸውም። እውነተኛው ኤም 113 እንዲያ ባለ ቦታ፣ እንዲያ ባለ አነዳድ ከዚህ የተለየ ዕጣ አልነበረውም። የሲሙሌሽን ጨዋታ ሐቀኝነት የሚፈተነውም ባማረው ታንኩ አይደለም። ታንክ ወፍራም ቆዳ ስላለው የተጫዋቹን ስሕተት ይሸፍናል፤ የጨዋታውንም ስሕተት አብሮ ይሸፍናል። ቆዳው የሳሳ አሮጌ የወታደር ማመላለሻ ግን ምንም አይደብቅም። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ስለ ጦር ሜዳ የሚያውቁትና የማያውቁት እዚያ ላይ ይታያል።

ተሽከርካሪውን የሠራው ኤፍ.ኤም.ሲ. የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ኩባንያው በመነሻው ለፍራፍሬ እርሻና ለምግብ ማቀነባበሪያ የሚውሉ ማሽኖች ይሠራ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ለማሪኖች በውኃም በየብስም የሚሄዱ ሰንሰለታማ ተሽከርካሪዎች ወደ ማምረት ገባ። ከኤም 113 በፊት የነበሩት ኤም 75 እና ኤም 59 ከባዶች ነበሩ። ጦሩ የፈለገው አውሮፕላን ላይ የሚጫን፣ ወንዝ የሚዋኝ፣ በብዛትም የሚገዛ ነገር ነው። መልሱ የአሉሚኒየም ሣጥን ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1960 ለአገልግሎት በቃ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አሉሚኒየም ሲባል ለብዙ ሰው ድስትና ብረት ምጣድ ይታወሰዋል። ምርጫው ግን በስሌት የተደረገ ነው። አሉሚኒየም ጥይት ለመመከት ከብረት ይልቅ መወፈር አለበት። ሲወፍር ደግሞ ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ግድግዳው ራሱ አጽም ስለሚሆን ከውስጥ ሌላ ደጋፊ ብረት አያስፈልገውም። ክብደቱ የሚቀንሰው በዚህ መንገድ ነው። ተሽከርካሪው ወደ አሥር ቶን ገደማ ሆኖ ሾፌሩንና አዛዡን ጨምሮ አሥራ ሦስት ሰው ይይዛል፤ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ሞተሩ በመጀመሪያ በቤንዚን ይሠራ ነበር። ቤንዚን በተመታ ተሽከርካሪ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ማንም ያውቃል፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጣው ኤም 113ኤ1 ወደ ናፍጣ የተዛወረበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ ግልጽ ነው። ግድግዳው የጠብመንጃ ጥይትና የመድፍ ፍንጣሪ ይመልሳል። ከባድ መትረየስ በቅርብ ርቀት ጎኑን ይበሳዋል። ሦስት መቶ ሚሊ ሜትር ገደማ ብረት ለሚበሳው አር.ፒ.ጂ. 7 ደግሞ አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር አሉሚኒየም ከወረቀት አይሻልም። አሜሪካኖቹ «የጦር ሜዳ ታክሲ» የሚል ስም የሰጡትም ለዚህ ነው። ስሙን የአዲስ አበባ ሰው ከማንም በተሻለ ይረዳዋል። ታክሲ የሚሳፈሩበት ቦታ አለ፣ «ወራጅ አለ!» የሚሉበትም ቦታ አለ። ከፌርማታው አሳልፎ የወሰደ ታክሲ አገልግሎቱን አላጎደለም ማለት አይቻልም። የኤም 113 ጥበብ ሙሉ በሙሉ ያለው በዚያች አንዲት ጥያቄ ውስጥ ነው፤ የት ይወረዳል?

ጥያቄው በደም የተጻፈበት ቦታ አፕ ባክ ይባላል። የደቡብ ቬትናም ጦር የመጀመሪያዎቹን ኤም 113ዎች ውጊያ ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በሜኮንግ ወንዝ ደለል ላይ፣ በሩዝ ማሳዎች መካከል፣ ተሽከርካሪዎቹ ጭቃውን እየሰነጠቁ ሲመጡ ጦሩ የሚዋጋቸው ደፈጣ ተዋጊዎች የሚመክቱበት መሣሪያ አልነበራቸውም። ይሸሹ ነበር። ሲሸሹም በሜዳ ላይ ይመቱ ነበር። ለወራት እንዲህ ስለሆነ ብረት ለበሱን የሚነዱት ሰዎች መሮጥና መተኮስ ብቻ የሚበቃ መሰላቸው። ታክሲውን እንደ ታንክ መጠቀም ልማድ ሆነ።

ጃንዋሪ 2 ቀን 1963 ግን ከአፕ ባክ መንደር ዳር፣ በዛፎች ጥላ ሥር በተቆፈረ ምሽግ ውስጥ፣ 350 ያህል ተዋጊዎች ላለመሸሽ ቆርጠው ጠበቁ። የብረት ለበሱን ጦር የሚመራው ሻምበል ሊ ቶንግ ባ ነበር። የአሜሪካው አማካሪ ጆን ፖል ቫን በትንሽ አውሮፕላን ከላይ እየዞረ ቶሎ እንዲደርስ ይወተውታል። መሬቱ ግን በቦዮች የተቆራረጠ ነው። ኤም 113 ይዋኛል፤ ከቦዩ ወጥቶ ገደላማውን የጭቃ ዳር መውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ወታደሮቹ ወርደው ቅጠልና ግንድ እየቆረጡ መሻገሪያ ሲሞሉ ሰዓታት አለፉ። በመጨረሻ የተሻገሩት ተሽከርካሪዎች አንድ በአንድ፣ ተራ በተራ፣ ገላጣው ማሳ ላይ ወጡ።

መትረየሱ 12.7 ሚሊ ሜትር ብራውኒንግ ነው፤ ኃይለኛ መሣሪያ። ተኳሹ ግን እሱን ለመተኮስ ከጣሪያው ክዳን ከወገቡ በላይ ወጥቶ መቆም አለበት። ከፊቱ ምንም ጋሻ አልነበረም። ደረቱን ለጥይት ሰጥቶ ነው የሚተኩሰው። ምሽግ ውስጥ ያሉት ተዋጊዎች ብረቱን መብሳት እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ብረቱን ተዉት፤ ያነጣጠሩት በሰውየው ላይ ነው። በዚያ ቀን 14 የመትረየስ ተኳሾች ሞቱ። ጥቃቱ ከሸፈ። ተዋጊዎቹ ሌሊቱን ሾልከው ሲሄዱ በመንግሥት ጦር በኩል 80 ያህል ወታደሮችና 3 አሜሪካውያን ተገድለዋል፤ 5 ሄሊኮፕተሮችም ወድመዋል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ወታደሮቹ ራሳቸው ጀመሩት። ከሰመጠ መርከብ ቅርፊት ብረት እየቆረጡ በመትረየሱ ዙሪያ ጋሻ በየዱ። የመርከብ ብረት ለጥይት ለስላሳ ነው፤ ቢሆንም ከባዶ ደረት ይሻላል። ቆይቶ በትክክለኛ የጋሻ ብረት ተተካ። እ.ኤ.አ. በ1966 ቬትናም የደረሰው 11ኛው የአሜሪካ ብረት ለበስ ፈረሰኛ ሬጅመንት ደግሞ ጋሻውን አሟልቶ በሁለቱ ጎኖች ተጨማሪ ኤም 60 መትረየሶች የጫነ ኤ.ሲ.ኤ.ቪ. የተባለ ዓይነት ይዞ መጣ። ታክሲው ተዋጊ ሆነ፤ ቆዳው ግን አልወፈረም።

ከዚያ ጦርነት የቀሩ ፎቶግራፎችን ያየ ሰው የሚገርመው ሌላ ነገር አለ። ወታደሮቹ ውስጥ አይደሉም። ጣሪያው ላይ፣ በአሸዋ ከረጢትና በጥይት ሣጥን መካከል ተቀምጠዋል። የብረት ሣጥን እያለ ለምን ውጭ? ምክንያቱ ፈንጂ ነው። የኤም 113 ወለል ጠፍጣፋ ነው፤ ከሥሩ የሚፈነዳ ፈንጂ ኃይሉ በሙሉ ወደ ላይ ይመጣል፤ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ማምለጫ የለውም። ጣሪያ ላይ ያለ ሰው ተወርውሮ እግሩን ወይም እጁን ሊሰብር ይችላል፤ በሕይወት የመትረፍ ዕድሉ ግን ይበልጣል። አንዳንድ ሾፌሮች የመሪውን ዘንጎች አስረዝመው ከላይ ተቀምጠው ይነዱ ነበር። ወታደር በጥይትና በፈንጂ መካከል መርጦ የጥይቱን አደጋ ሲቀበል፣ ተሽከርካሪው ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል ከማንም መሐንዲስ በላይ ተረድቶታል ማለት ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጨዋታ እንዴት ይሸከመዋል?

ነገሩ በሰፊው የጀመረው ፕራግ ውስጥ ነው። ማሬክ እና ኦንድሬይ ሽፓኒየል የተባሉ ወንድማማቾች የመሠረቱት ቦሄሚያ ኢንተራክቲቭ እ.ኤ.አ. በ2001 «ኦፕሬሽን ፍላሽፖይንት» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። ታሪኩ በ1985 ምናባዊ ደሴቶች ላይ የሚካሄድ የአሜሪካና የሶቪየት ግጭት ነው። ኤም 113 አለ፤ በተቃራኒው ወገን መድፍ የተሸከመው ቢ.ኤም.ፒ. የተባለ ብረት ለበስ አለ። ሁለቱ ፊት ለፊት ከተገናኙ ውጤቱ አያጠራጥርም። ጨዋታው ተጫዋቹን እንደ ጀግና አላስቀመጠውም፤ አንዲት ጥይት የምትገድለው ተራ ወታደር አደረገው። ይህ ሐቀኝነት የጦር ኃይሎችን ዓይን ሳበ፤ ከእሱ የተወለደው ቪ.ቢ.ኤስ. የአሜሪካ ማሪኖችና የአውስትራሊያ ጦር ማሠልጠኛ ሆነ።

ከውስጥ ሲታይ ግን የዚያ ዘመን ስሌት ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ተሽከርካሪ በመሠረቱ የጥንካሬ ቁጥር አለው፤ የሚያርፍበት ምት ሁሉ ከቁጥሩ ላይ ይቀንሳል፤ ሲያልቅ ይፈነዳል። ኤም 113 ትንሽ ቁጥር ያለው ታንክ ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ስሕተት አለ። እውነተኛው ሣጥን ቀስ በቀስ አያልቅም። ሺህ የጠብመንጃ ጥይት ቢያርፍበት ቀለሙ ይላጣል እንጂ አይፈርስም፤ አንድ አር.ፒ.ጂ. ደግሞ ሣጥኑን ሳያፈርስ ውስጥ ያሉትን ሊጨርስ ይችላል። ሰውና ብረት ለየብቻ ነው የሚሞቱት።

ቦሄሚያ ቀጥሎ ያወጣቸው የአርማ ጨዋታዎች ይህን ስሕተት በከፊል አርመውታል። በአርማ 3 የተሽከርካሪው ገጽታ እያንዳንዱ ክፍል ከምን እንደተሠራና ምን ያህል እንደሚወፍር ተመዝግቧል። ጥይቱ ሲያርፍ ፍጥነቱ ይሰላል፤ ከበሳ በኋላ በቀረችው ፍጥነት ጉዞውን ቀጥሎ ውስጥ የተቀመጠውን ሰው ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2018 «ታንክስ» ከተባለው ተጨማሪ ጋር ደግሞ የፀረ ታንክ ሮኬት አሠራር ተለወጠ፤ ሮኬቱ ሲፈነዳ ወደ ፊት የሚወረወርና ብረት የሚበሳ አካል ለብቻው ይፈጠራል። እንግዲህ የጎኑ ግድግዳ ስስ መሆኑ እውነተኛ ትርጉም የሚያገኘው ያኔ ነው። በጎን የተተኮሰ ከባድ መትረየስ ተሽከርካሪውን ሳያቃጥል አግዳሚው ላይ የተደረደሩትን ሊገድል ይችላል፤ ሾፌሩ ምንም እንዳልሆነ መንዳቱን ይቀጥላል።

አርማ 3 ራሱ በ2035 ምናባዊ ዘመን ስለተቀመጠ መነሻው ላይ ኤም 113 አልነበረውም። አሮጌውን ሣጥን የመለሱት ወዳጆቹ ናቸው። አር.ኤች.ኤስ. የተባለው ታዋቂ ሞድ፣ ማለትም ተጫዋቾች የሠሩት ተጨማሪ፣ ኤም 113ኤ3ን አመጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ግሎባል ሞቢላይዜሽን» በቀዝቃዛው ጦርነት ጀርመን ውስጥ አስቀመጠው። በ2021 የወጣው «ኤስ.ኦ.ጂ. ፕሬሪ ፋየር» ደግሞ ወደ ቬትናም፣ ኤ.ሲ.ኤ.ቪ. ሆኖ ወደተሰየመበት ጫካ መለሰው። ሰዎች የነገውን ዘመን መሣሪያ ትተው የአያቶቻቸውን ለመንዳት ይህን ያህል መድከማቸው ብዙ ይናገራል። በጠንካራ ነገር ከማሸነፍ ይልቅ በደካማ ነገር ማሸነፍ ብልሃት ይጠይቃል።

ስለ አፕ ባኩ ተኳሽ ግን ከሁሉ የተሻለ ሐቀኝነት ያሳየው ሌላ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው «ኮምባት ሚሽን ኮልድ ዋር» ከ1979 እስከ 1982 ባለው ጊዜ በምዕራብ ጀርመን ሊደረግ ይችል የነበረን ጦርነት ያስባል። የአሜሪካ እግረኛ ዋና ማመላለሻ ኤም 113 ነው። ተጫዋቹ ክዳኑን ዘግቶ ተኳሹን ከደበቀ መትረየሱ ዝም ይላል። መትረየሱ እንዲተኩስ ከፈለገ ሰውየው መውጣት አለበት፤ ሲወጣ በጠብመንጃ ጥይት ይሞታል። ጨዋታው ይህን በማስጠንቀቂያ አይናገርም። ሁለት ሦስት ተኳሾች ከሞቱ በኋላ ተጫዋቹ ራሱ ይገባዋል፤ ተሽከርካሪውን ወደ ኋላ መልሶ ከሩቅ ኮረብታ ላይ ሆኖ ወደፊት ለሚሄደው እግረኛ ሽፋን እንዲሰጥ ያደርገዋል። ሊ ቶንግ ባ በአንድ ከሰዓት በኋላ የከፈለበትን ትምህርት ተጫዋቹ ያለ ደም ይማረዋል። ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ክብር ይገባል።

አብዛኞቹ ጨዋታዎች የሚደክሙት በፈንጂው ላይ ነው። ፈንጂ አለ፤ ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ተሽከርካሪ ያቃጥላል። ነገር ግን ውስጥ የተቀመጠና ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሰው ዕጣቸው የሚለያይበት ጨዋታ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ተጫዋቹ ሣጥኑን መፍራት አይማርም። ሌላው ጉድለት ዓይን ነው። በእውነተኛው ኤም 113 ኋላ የተቀመጠ እግረኛ መስኮት የለውም፤ መተኮሻ ቀዳዳም የለውም። የጣሪያው ትልቅ ክዳን ከተዘጋ በሞተር ጩኸት፣ በናፍጣ ሽታና በሙቀት ታፍኖ፣ የት እንዳለ ሳያውቅ ነው የሚጓዘው። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ዓይኑን ይወጋዋል፤ ጠላት በየት በኩል እንዳለ ለማወቅ ሰከንዶች ይፈጅበታል። በብዙ ጨዋታ ግን ካሜራውን ከተሽከርካሪው ውጭ አውጥቶ ዙሪያ ገባውን መቃኘት ይቻላል። ይህን የሚከለክሉ ተጫዋቾች ትክክል ናቸው። ካሜራው ወደ ውስጥ ሲመለስ ነው ሣጥኑ ሣጥን የሚሆነው።

መውረድን በተመለከተ አሮጌው ሣጥን ከእኩዮቹ የሚበልጥበት ነገር እንዳለው መዘንጋት የለበትም። የኋላ ግድግዳው በሙሉ ወደ ታች ተዘርግቶ መውረጃ ይሆናል። አሥራ አንዱ ሰው በተሽከርካሪው ጀርባ፣ በሣጥኑ ከለላ ሥር ሆኖ በአንድ ጊዜ ይወጣል። በዚያው ዘመን የሶቪየት ጦር የሚጠቀምበት ባለ ስምንት ጎማው ቢ.ቲ.አር. 60 ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ይህ ዕድል የለውም፤ እግረኛው በጣሪያ ክዳንና በጎን በኩል ባሉ ትንንሽ በሮች እየተንጠለጠለ ይወጣል፤ በዚያች ቅጽበት ለጠላት ሙሉ ኢላማ ነው። በ«ግሎባል ሞቢላይዜሽን» ሁለቱም ስላሉ ልዩነታቸውን ማስተያየት ይቻላል።

ይህ ንጽጽር ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጦር ከአሜሪካ በተገኘ ወታደራዊ እርዳታ ኤም 113 ታጥቆ ነበር። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ የጦር መሣሪያው ምንጭ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲዞር ቢ.ቲ.አር. 60 መጣ። ሁለቱን ዓይነት መውረጃ በአካሉ የሚያውቅ የቀድሞ ወታደር ቤተሰቡ ውስጥ ያለው ተጫዋች፣ ከማንም ጨዋታ መመሪያ የበለጠ መምህር አጠገቡ አለ።

ጊዜው ያለፈበት ቢባልም ሣጥኑ ከጦር ሜዳ አልወጣም። በልዩ ልዩ ዓይነቱ ከ80 ሺህ በላይ ተመርቷል። እስራኤል «ዘልዳ» ብላ ትጠራዋለች፤ ጁላይ 20 ቀን 2014 ጋዛ ውስጥ በሹጃዒያ ሠፈር መንገድ ላይ የቆመ አንድ ኤም 113 በፀረ ታንክ ሮኬት ተመትቶ የጎላኒ ብርጌድ 7 ወታደሮች ሞቱ። ያ አደጋ የግማሽ ምዕት ዓመት ዕድሜ ያለው ተሽከርካሪ ከተማ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል መራር ክርክር አስነሣ። አሜሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 ለዩክሬን 200 ኤም 113 እንደምትሰጥ አስታወቀች። እዚያ ቁስለኛ በማውጣት ሥራ ላይ ዋለ። ቁስለኛ የሚያነሣ ተሽከርካሪ መሮጥ፣ ጭቃ መሻገርና ከፍንጣሪ መከለል ይበቃዋል፤ እነዚህን ደግሞ በ1960ም ያውቅባቸው ነበር። የራሷ የአሜሪካ ጦር እየተካው ያለው ኤ.ኤም.ፒ.ቪ. በተባለ አዲስ ተሽከርካሪ ነው።

ዛሬ ማታ ጨዋታውን የሚከፍት አንባቢ አንድ ነገር ይሞክር። አር.ፒ.ጂ. 7 በቆመ ኢላማ ላይ በደንብ የሚመታው እስከ 500 ሜትር ነው። ካርታውን አውጥቶ ከመንደሩ ከ600 እስከ 700 ሜትር ርቆ ያለ፣ ከመንደሩ የማይታይ የኮረብታ ጀርባ ይፈልግ። እዚያ ያቁም፤ መውረጃውን ይዘርጋ፤ ወራጅ አለ ይበል። እግረኛው በቦይ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይሂድ። ሣጥኑ ከኮረብታው አናት ላይ መትረየሱን ብቻ አሳይቶ ይጠብቀው፤ መንደሩ ሲያዝ መጥቶ ቁስለኛውን ይጫን።